ጥርስ ያልነበረው ጎማ አያልቅም

ኮልፌ፣ ሰኔ ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ሻምበል ፈቀደ ይመኑ፣
የምዕራብ በር ተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት ሹም

ክቡር ሻምበል፣

ይህ ጽሑፍ በጋዜጣ ታትሞ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ወይዘሮዋም፣ ልጆችዎም በደኅና፣ እጅና እግራችሁ ሙሉ ሆኖ እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። እጅና እግርን ለይቼ ማንሣቴ እንግዳ ቢመስልዎ ይታገሡኝ፤ ዝቅ ብሎ ይገባዎታል። ስለ እኔ የጠየቁ እንደ ሆነ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ከእንቅልፍ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ስለ እሱም ቢሆን ጎረቤቴ ዙቤዳ «በዚህ ዕድሜሽ እንቅልፍ ምን ይሠራልሻል? ሰኔ ገብቷል፣ ቆርቆሮሽን አታዳምጪም?» ብላ አጽናንታኛለች።

ስሜን ከታች ያገኙታል። ከኮልፌ ገበያ ከፍ ብሎ ባለው መንደር በልብስ ስፌት የምተዳደር መበለት ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ባለሱቁ ወረቀቱን እንደ ስኳሩ መጠን ስለሚቀድደው የብዙ ወሬ መጨረሻ ሳይደርሰኝ ቀርቷል። የዚህኛውን ወሬ መጨረሻ ግን ማንም ሳይጽፈው አስቀድሜ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁት ስለ ሆነ፣ ሳይደርስ ልጽፍልዎ ደፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሰብሌ ትባላለች። የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ በሚመጣው እሑድ ትዳራለች። ባሏ የሚሆነው አምሐ አስተማሪ ነው፤ አስተማሪ የሚያርፈው ደግሞ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስለ ሆነ ሠርጋችን ከሐምሌ ዝናብ መካከል ዋለ። በዝናብ መዳር ነውር የለውም፤ ረድኤት ነው የሚሉም አሉ። እኔን ያስፈራኝ ልጄን ከቤቴ አንሥቶ ከአየር ጤና ማዶ ወዳለው ወደ አምሐ ወላጆች ቤት የሚወስዳት መኪና ነው። እርስዎ በሚገባ ያውቁታል። ቀዩ ነው።

ለማያውቁት አንባቢዎች ልናገር። ቀዩ መኪና የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ የሆነው የጉልላት ነው። ጉልላት አሜሪካን አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ሰው አክባሪ፣ ሲያገኘኝ ከመኪናው ወርዶ እጅ የሚነሣኝ ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የአምሐ ጓደኛ ነው፤ በሠርጉም አንደኛ ሚዜ ነው። መኪናው ከሌላው መኪና ሁሉ የሚለየው በሞተሩ ጩኸት ብቻ አይደለም። የኋላ ጎማዎቹ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሰፉ፣ ገላቸውም እንደ ሊሾ ወለል የለሰለሰ ነው፤ አንድም ጥርስ የላቸውም። ጉልላት እንዳስረዳኝ፣ በአሜሪካን አገር ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመው አጭርና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይሽቀዳደማሉ፤ ጎማው የተሠራው ለዚያ ነው። ከመነሣታቸው በፊት ባሉበት አሽከርክረው እስኪጨስ ያሞቁታል፤ ሲሞቅ ደረቅ አስፋልት ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ ያበራ ነበር። «ዝናብ ሲነካውስ፣ ልጄ?» አልኩት። «ዝናብ ሲነካውማ፣ እማማ አልማዜ፣ ውድድሩ ይሰረዛል» አለኝና ሳቀ። እኔ ግን ሠርግ በዝናብ እንደማይሰረዝ አሰብኩ።

ጎማውን የገጠመለት የአካባቢያችን ጎሚስታ ረሻድ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ይጠራኛል፦ «እትዬ አልማዜ፣ ነይ ንኪው! ይሄ እኮ ጎማ አይደለም፣ ሙሽራ ነው።» ነካሁት። እውነትም ለስላሳ ነው። እጄን ስመልስ ግን ቀዝቅዞ ነበር፤ በቤቴ ሌላ ሙሽራ ስላለችኝ ይሆናል።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልመለስ፤ የእርስዎን ሥራ ለማቅለል ብዬ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ፦ በቅድሚያ ምስጋና። የመንደራችንን ታክሲ ነጂ ጀላልን በሚያዝያ ወር ሰዎችዎ ገበያው አጠገብ አስቆሙት። የኋላ ጎማዎቹ አልቀው ሊሾ ሆነው ስለ ተገኙ ታርጋው እዚያው ተፈታ። ጀላል «ጌታዬ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ ታገሡኝ» ብሎ ቢለምን፣ ፖሊሱ «ሊሾ ሊሾ ነው፤ ቅዳሜ ጥርስ አያበቅልም» ብሎ መለሰለት። ይህን አነጋገር ጀላል ራሱ ወዶታል፤ እስከ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል፤ ስቆ ሲያበቃ ግን በእግሩ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። በእውነት እላለሁ፣ ፖሊሱ ልክ ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪና ነጂ ነበር፤ በዝናብ በሊሾ ጎማ መንዳት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያስረዳኝ ሰው አያስፈልገኝም። የኔ ምስጋና የተደናቀፈው ከዚያ በኋላ ነው። ጀላል አንገቱን ደፍቶ እንደ ቆመ ቀዩ መኪና ከወደ ቀራንዮ መጣ። ፖሊሱ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠ። ችኮላ ላይ ስለ ነበር በእጁ የያዘውን የጀላልን ታርጋ አላስቀመጠም፤ ሰላምታውን የሰጠው ታርጋውን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነው። ጥርሱ ያለቀውን ጎማ ቀጥቶ ጥርስ የሌለውን ጎማ በተቀጪው ታርጋ ማክበር፣ ክቡር ሻምበል፣ እንዲህ ያለ ትጋት በሌላ ወረዳ የሚገኝ አይመስለኝም።

፪ኛ፦ ከዚህ በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሌላም ጊዜ መጣሁ፤ ስብሰባው አላለቀም ነበር። ለሕዝብ ብለው ያን ያህል መቀመጥዎ ወገብዎን እንዳይጎዳዎት እየጸለይኩ የመቶ አለቃዎን አነጋገርኩ። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ።

«የቀዩ መኪና ጎማ ሊሾ ነውና አስቆሙልኝ» አልኩት።

«እናቴ፣ እሱ እኮ አዲስ ጎማ ነው» አለኝ። «እኔ ራሴ በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ የፋብሪካ ሽታው አልለቀቀውም።»

«አዲስ ሊሾ ነው» አልኩት።

«አዲስ ሊሾ የሚባል ነገር የለም። ሊሾ ማለት ያለቀ ማለት ነው።»

ይህን ብሎ ደንቡን አወጣና ጣቱን እያስኬደ አነበበልኝ። እኔም በትሕትና ራሴ እንዳነብበው ብለምነው «ያነባሉ እንዴ?» ብሎ ደነገጠ፤ መደንገጡን እንደ ክብር ቆጠርኩለት። አነበብኩት። እውነትም የሚለው «ጥርሱ ያለቀ ጎማ» ነው። የመቶ አለቃዎ መነጽሩን አውልቆ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ፣ «አዩ፣ የዚህኛው ጎማ ጥርስ አላለቀም። ጥርስ አልነበረውም። ያልነበረ ነገር እንዴት አድርጎ ያልቃል?» አለኝ። ከጎኑ ያለው ጸሐፊ ደግሞ ቀና ብሎ «ሕፃን ልጅ ጥርስ የለውም ተብሎ ሽማግሌ ነው አይባልም» አለና ቢሮው ሁሉ ሳቀ። አልዋሽዎትም፣ እኔም ሳቅሁ፤ አባባሉ ያምር ነበርና። መልሱ የመጣልኝ ደረጃውን ወርጄ ሳበቃ ነው፤ የእኔ መልስ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አሁን በእርስዎ በኩል ያድርሱልኝ፦ ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ቆሎ አይሰጡትም። የሐምሌ መንገድ፣ ክቡር ሻምበል፣ ቆሎ ነው።

ነገሩን ለጽሕፈት ቤትዎ በሚገባ ቋንቋ ላስረዳ ብሞክር፣ የጎማ ጥርስ የተሠራው መንገዱ ላይ ያለውን ውሃ እየነከሰ ወደ ጎን እንዲተፋው ነው። ጥርስ የሌለው ጎማ ውሃውን መትፋት ስለማይችል ከላዩ ላይ ይወጣል፤ መንገዱን ለቅቆ ውሃ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። እርጥብ ባኞ ውስጥ የወደቀ ሳሙና አይተው ያውቃሉ? ያንን ሳሙና ይዘው መሪ ይግጠሙበት። ከዚያም ሁለት ሙሽሮች ከኋላ ያስቀምጡበት።

፫ኛ፦ ይህ የመበለት ቅዠት ነው እንዳይሉኝ ያየሁትን እነግርዎታለሁ። በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣል አድርጎ አባራ። አስፋልቱ ጠቁሮ ያብለጨልጭ ነበር። ከቤቴ ዝቅ ብሎ ወደ ድልድዩ የሚወርደውን ቁልቁለት ያውቁታል፤ ዙቤዳ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጠው እዚያ ጥግ ላይ ነው፤ እኔም ክር ልገዛ ስወጣ ከእሷ ጋር ቆሜ ነበር። ቀዩ መኪና ከላይ መጣ። እየሮጠ አልነበረም፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ እንደማንኛውም ሰው ነበር የሚነዳው። ፍሬን ሲይዝ ግን ጀርባው ፊቱን ቀደመው። እንደ እንዝርት ሾረ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ ጎማው አልጮኸም፤ ሞት እንደዚያ ዝም ብሎ የሚመጣ መሆኑን ረስቼው ነበር። ቆሞ ሲገኝ ፊቱ ወደ መጣበት ዳገት ዞሯል፣ ጅራቱ ከዙቤዳ ቀሚስ ዘርፍ ጋር ተጠግቷል፣ ሽንኩርቱ ወደ ወንዙ እየተንከባለለ ይወርዳል።

ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እንደ ሰርከስ ነገር ሆን ብሎ ያደረገው መስሏቸው ነው። አንዱ «ድገመው!» ብሎ ጮኸ። ጉልላት ግን ወዲያው አልወረደም። በመስተዋቱ አየሁት፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ኋላ ጭብጨባውን ሲሰማ ፈገግ አለ፤ ወረደና ሽንኩርቱን ከልጆቹ ጋር ለቀመ፤ ዙቤዳንም እጅ ነሣ። እሷም «ምንም አይደል፣ የኔ ጌታ፣ ሽንኩርቱም መኪና አየ» አለችው፤ ሰዉ እንደ ገና ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያ ፈገግታ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። የፈራ ልጅ ጎማውን ይቀይራል፤ የተጨበጨበለት ልጅ ምን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም። ጨዋነቱን ሁሉ ጠብቆ፣ ከእኔ ልጅ ጋር፣ ከዚያ ድልድይ ሥር ይገባል ብዬ ነው የምፈራው።

ድልድዩ መከላከያ ብረት እንደሌለው በሌላ ጊዜ ለሌላ ሹም እጽፋለሁ፤ የእርስዎን የሥራ ድርሻ መዳፈር አይሆንልኝም።

፬ኛ፦ «ታዲያ ለባለ መኪናው አትነግሪውም?» ይሉኛል። ጥያቄዎ የሹም ጥያቄ ነው፤ ልክ ነው። ነገርኩት። ለአንድ ቀን ብቻ ባለ ጥርሱን ጎማ እንዲያስገባ ለመንኩት። «እማማ አልማዜ፣ ያንን ካስገባሁ እኮ ይቀድሙኛል» አለኝ። ለካስ የአምሐ ጓደኞች ተወራርደዋል፤ ከአጃቢዎቹ መኪናዎች አንዱ ሙሽራዋን የያዘውን መኪና መንገድ ላይ ቀድሞ ሊያሳፍረው ዝቷል። የሙሽራ መኪና ደግሞ አይቀደምም። ይህ እርስዎ ካወጡት ደንብ ሁሉ የበለጠ የሚከበር ደንብ መሆኑን ሳልነግርዎትም ያውቃሉ። ጉልላት «የሙሽራ መኪና ከተቀደመ እኔ ምን ሚዜ ነኝ?» አለኝ፤ ይህን ሲል አልሳቀም። «ቢዘንብስ?» አልኩት። «አይዘንብም፤ እናቴ ተስላለች» አለኝ። ስለቱ ለቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ጃንጥላ ማስገባት ነው። ዝናብ እንዳይዘንብ ጃንጥላ የሚሳል ቤት ልጄን ሊወስድልኝ ነው፣ ክቡር ሻምበል፤ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ እኔም ከማንም አልጠብቅም።

ለአምሐ ነገርኩት። «እማማ፣ ጉልላት ካኮረፈ ሚዜ የለኝም» አለኝና ጠመኔ የነካውን የኮቱን እጅጌ ማራገፍ ጀመረ። ሽማግሌዎቹን ጠየቅሁ። ትልቁ ሽማግሌ «አልማዜ፣ መኪና የወንዱ ወገን ጉዳይ ነው። ልጅ ሰጥቶ መኪና መምረጥ ከየት የመጣ ነው? ነገ ደግሞ መንገዱን ልምረጥ ትይናለሽ» ብለው ገሠጹኝ። እሱንም ቢያስመርጡኝ እመርጥ ነበር። በመጨረሻ ለልጄ ነገርኳት። ቀሚሷን እየለካሁላት፣ መርፌ በአፌ ይዤ፣ ስለ ጎማ ጀመርኩ። «እማዬ» አለችኝ ሳትዞር፣ «የአባዬን ነገር በኔ ሠርግ ላይ አታምጪብኝ።» ከዚያ በኋላ መርፌውን እንጂ ሌላ ነገር ከአፌ አላወጣሁም።

አምስተኛ ነጥብም ነበረኝ፤ ጽፌው ነበር። ባለቤቴ በጎጀብ ቁልቁለት በቀረበት ዕለት የጭነት መኪናውን ያለቀ ጎማ ሳይቀይር ለምን ተጣድፎ እንደ ወጣ የሚመለከት ነው። ሆኖም ያኔ እርስዎ ሹም ስላልነበሩ ነገሩ ከእኔና ከመድኃኔ ዓለም በቀር የሚመለከተው የለም። ቀድጄዋለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ቀላል ነው። «ጥርሱ ያለቀ ጎማ» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም ጥርስ የሌለው» የምትል ሐረግ ቢጨምሩ ብዕርዎ ብዙ ቀለም አይፈጅም። ሕግ ለማሻሻል ምክር ቤት መጠየቅ ግድ ከሆነብዎም ሌላ መንገድ አለ፤ ጀላልን ያስቆመው ፖሊስ በዚያ እሑድ ጠዋት በዚያው ቦታ ይቁምልኝ፤ ሰላምታ የሚሰጥበትን እጁን ግን ባዶ ያድርገው። መኪናው ለአንድ ቀን ቢቆም ጉልላት አይቀደምም፤ ያልተነሣ መኪና ማን ይቀድመዋል? ክብሩም አይነካም፤ «መንግሥት ከለከለኝ» ይላል፤ በአገራችን ከዚህ የተሻለ ሰበብ ተፈጥሮ አያውቅም። ልጄም በጀላል ታክሲ ትሄዳለች፤ ታርጋውን ከመለሱለት በኋላ፣ ጎማውንም ከቀየረ በኋላ ማለቴ ነው፤ ቀይሯል፣ አይቼዋለሁ።

ይህ ደብዳቤ ከታተመ ምን እንደሚከተል የማላውቅ አይምሰልዎ። የወንዱ ወገን «በጋዜጣ አዋረደችን» ይላል፤ ጉልላት ሲያገኘኝ ከመኪናው አይወርድም ይሆናል፤ ልጄ ፊቷን ታዞርብኛለች። ከሁሉ ይህ የመጨረሻው ሲከብደኝ ሰነበተ። ከልጄ ሌላ ሰው የለኝም። ዛሬም ቀሚሷን እየሰፋሁ ሳለ የቀዩን መኪና ድምፅ ከላይ ስሰማ እግሬን ከስፌት መኪናዬ ፔዳል ላይ አነሣለሁ። ወደ ድልድዩ ሲወርድ ድምፁ ይጠፋል፤ ተሻግሮ ዳገቱን ሲይዝ እንደ ገና ይሰማል። እስኪሰማ ድረስ አልተነፍስም። ብዙ ቀን እንዲህ ስሆን ቆይቼ ነው የወሰንኩት፦ ታኩርፈኝ። ያኮረፈች ልጅ በሕይወት ያለች ልጅ ናት።

ይህ ሁሉ ተነግሮዎትም፣ እንደ መቶ አለቃዎ፣ ጎማው አዲስ ስለ ሆነ አደጋ የለውም ብለው ከልብ የሚያምኑ እንደ ሆነ፣ እኔ አላዋቂ ነኝና እምነትዎን ልከራከር አልችልም። ስለዚህ እንደ ሙሽራ እናት የሚቻለኝን አንድ ነገር ላድርግ። በቀዩ መኪና ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር የክብር እንግዳ ወንበር ነው፤ ሽማግሌዎቹን አስፈቅጄ ለእርስዎ አስይዤዋለሁ። መኪና መምረጥ ቢከለክሉኝም እንግዳ መጥራት አልከለከሉኝም። ወይዘሮዋም ብትመጣ ከልጄ ጎን ቦታ አይጠፋም፤ ታናሽ ልጅዎ ደግሞ ከጭናችሁ ላይ ትቀመጣለች፤ ልጆች ፈጣን መኪና ይወዳሉ። በሠርግ ተጠርቶ መቅረት ነውር መሆኑን ለእርስዎ ለማስታወስ አልዳፈርም። ከኮልፌ እስከ አየር ጤና ማዶ፣ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ማንም ሳይቀድማችሁ፣ በአዲስ ጎማ ትሄዳላችሁ። እኔ በአገራችን ልማድ መሠረት ልጄን ሸኝቼ ከደጄ እቀራለሁ፤ በሩ ላይ ቆሜም ያን ዳገት የሚይዝ ድምፅ አዳምጣለሁ።

መልካም ፈቃድዎን በእንቅልፍ አልባ ትዕግሥት የምጠባበቅ፣ ሰዎችዎ ለሚሰጡት ሰላምታ ሁሉ እጅ የምነሣ፣ የጽሕፈት ቤትዎን ደረጃ ለወደፊቱም ለመውጣትና ለመውረድ ጉልበት እንዲሰጠኝ የምጸልይ፣ ታዛዥዎ፣

አልማዜ ሰብስቤ
ኮልፌ

ከፊርማዬ በታች ደግሞ፦ ምናልባት ጥሪዬን መቀበል የማይመችዎ ከሆነ አልቀየምም። ምክንያቱን ብቻ በእጅዎ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተምዎን አሳርፈው ይላኩልኝ። ረጅም መሆን የለበትም፤ «ፈራሁ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃኛለች። እኔ ስናገራት የመበለት ወሬ ናት፤ እርስዎ ከጻፏት ግን ደንብ ትሆናለች።